ከካቴተሩ በኋላ ያሉት ሦስት ወራት

የልብ ምት መዛባቱ በካቴተር የታከመለት ሰው ከሆስፒታል ሲወጣ መመሪያ የሰፈረበት ወረቀት ይሰጠዋል። ከመመሪያዎቹ አንዱ አብዛኛውን ጊዜ «ለአንድ ሳምንት ያህል ከ5 ኪሎ በላይ አታንሣ» ይላል። ውኃ የሞላ ቢጫ ጀሪካን 20 ኪሎ ይመዝናል። በደቡብ ወሎ፣ በመካነ ሰላም ዙሪያ፣ በቦረና፣ በወግዲ፣ በከላላና በሳይንት ገጠሮች ያን ጀሪካን ከምንጭ አዝሎ ዳገት መውጣት የእናቶችና የልጃገረዶች የዕለት ሥራ ነው። «ቀለል ያለ የእግር ጉዞ አድርግ» የሚለውም ምክር ሜዳ ላይ ለሚኖር ሰው የታሰበ ነው፤ በእኛ በኩል ከቤት እስከ ገበያ ያለው መንገድ ቁልቁለትና አቀበት ነው።

ሕክምናው ራሱ በጥቂት ሰዓታት ያልቃል። ማገገሙ ግን ሦስት ወር ገደማ ይወስዳል፤ የሚካሄደውም በሆስፒታል ሳይሆን በመንገድ፣ በቤት፣ በእርሻ፣ በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ ነው። ስለ ማገገም የተጻፈው ሁሉ ሐኪም በቅርብ ላለው ሰው የተጻፈ በመሆኑ፣ ወደ ምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ ለሚመለስ ሰው እንደገና መታየት አለበት ብዬ አምናለሁ። ይህ ዳሰሳ የሚታወቀውን በዚያ ዓይን ለመመልከት የተጻፈ ነው።

ካቴተር ቀጭንና ተጣጣፊ ቱቦ ነው። ብሽሽት ላይ ባለው ትልቅ የደም መልስ ሥር ገብቶ እስከ ልብ ይዘልቃል። ይህን መንገድ በ1929 እ.ኤ.አ. የከፈተው ቨርነር ፎርስማን የተባለ ወጣት ጀርመናዊ ሐኪም ነበር፤ ቱቦውን በገዛ ክንዱ አስገብቶ እስከ ልቡ ከደረሰ በኋላ በእግሩ ሄዶ ራጅ ተነሣ። በ1956 የኖቤል ሽልማት ከሌሎች ሁለት ሐኪሞች ጋር ተሰጠው። በ1982 ሜልቪን ሻይንማንና ባልደረቦቹ በሳን ፍራንሲስኮ የልብን የኤሌክትሪክ መስመር በካቴተር አቋረጡ። በ1998 ደግሞ በፈረንሳይ የቦርዶ ሐኪም ሚሼል ሃይሳገርና ቡድኑ፣ ኤትሪያል ፊብሪሌሽን የሚባለው የተዘበራረቀ ምት በአብዛኛው የሚቀሰቀሰው ከሳንባ ወደ ልብ ከሚመለሱት የደም ሥሮች አፍ መሆኑን አሳዩ። ዛሬ አብሌሽን የሚባለው ሕክምና የተመሠረተው በዚህ ግኝት ላይ ነው፦ የሥሮቹን አፍ ዙሪያውን በሙቀት ወይም በቅዝቃዜ፣ በቅርቡ ደግሞ በአጫጭር የኤሌክትሪክ ግፊት፣ ጠባሳ ማድረግና የተሳሳተው ምልክት እንዳያልፍ ማገድ።

ስለ ማገገም ከመጠየቅ በፊት ግን የታከመው የትኛው ምት እንደሆነ መጠየቅ ይገባል። ሁሉም በአንድ ስም ስለሚጠራ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ወጣቶችን ድንገት ይዞ ልብን በደቂቃ 180 ጊዜና ከዚያ በላይ የሚያስመታ፣ እንደ መጣም በድንገት የሚለቅ የምት ዓይነት አለ። ብዙዎች፣ በተለይ ሴቶች፣ «ጭንቀት ነው» ተብለው ዓመታት ያሳልፉበታል። እሱ በካቴተር ሲታከም ከ100 ሰዎች 95 ያህሉ ይድናሉ፤ ማገገሙም የቀናት ጉዳይ ነው። ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ግን ሌላ ነው። እየመጣ የሚሄደው ዓይነት በአንድ ጊዜ ሕክምና ከ10 ሰዎች በ7ቱ ገደማ ይገታል፤ ጸንቶ የቆየው ከዚያ ያነሰ ውጤት አለው። ከዚህ በታች የምለው በዋናነት ስለዚህ ስለ ሁለተኛው ነው።

በአገራችን ደግሞ ከአውሮፓ የተለየ ሥር አለው። እዚያ የሚታመመው በአብዛኛው አረጋዊ፣ ደም ግፊት ያለበት ወይም ክብደቱ የበዛ ነው። እኛ ዘንድ ብዙ ጊዜ የምናየው በልጅነት የጉሮሮ ሕመም ምክንያት የልብ በሯ የተበላሸባት የ25 ወይም የ30 ዓመት ሴት ናት። በ2016 እ.ኤ.አ. በታተመ፣ በስድስት ክልሎች 3,238 ተማሪዎችን በልብ አልትራሳውንድ ባየ ጥናት ከ1,000 ተማሪዎች 19ኙ ይህ ሩማቲክ የሚባለው የልብ ሕመም ተገኝቶባቸዋል። ሚትራል የሚባለው በር ሲጠብ የግራው የላይኛው የልብ ክፍል ይለጠጣል፤ የተለጠጠ ክፍል ምቱ ይዘበራረቃል። እንዲህ ላለው ሰው ቀድሞ የሚያስፈልገው በሩን መክፈት ወይም መቀየር ነው፤ ምቱን ብቻ ማቃጠል ሥሩን ትቶ ቅርንጫፉን እንደ መቁረጥ ይሆናል። የጠበበውን በር በፊኛ መክፈትም የካቴተር ሕክምና ነው። በዶክተር በላይ አበጋዝ መሥራችነት የተጀመረው የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ድርጅት በ2009 እ.ኤ.አ. በጥቁር አንበሳ ግቢ የከፈተው የልብ ማዕከል ከሚሰጣቸው አገልግሎቶች አንዱ ይኸው ነው።

ሌላው ሥር እንቅርት ነው። በደጋው አዮዲን ከአፈሩ ታጥቦ ስላለቀ እንቅርት በወሎ የቆየ ሕመም ነው። የቆየ እንቅርት አንዳንዴ ሆርሞን ከልክ በላይ ማመንጨት ይጀምራል፤ ልብም ይዘበራረቃል። የዚህ ሰው ሕክምና እንቅርቱ ላይ ነው፤ እሱ ሲታከም ምቱም ብዙ ጊዜ በራሱ ይስተካከላል። አንገቱ ላይ እብጠት ያለበት ሰው የታይሮይድ ምርመራ ሳያደርግ ለአብሌሽን ገንዘብ መሰብሰብ የለበትም።

አብሌሽን የሚሠራባቸው ቦታዎች በአገራችን በጣት የሚቆጠሩና በአዲስ አበባ የተሰበሰቡ ናቸው። አቅም ያለው ወይም ዘመድ የረዳው ወደ ህንድ፣ ወደ ታይላንድ ወይም ወደ ቱርክ ይሄዳል። በዋሽንግተን ወይም በስቶክሆልም የሚኖረው ወገናችን በአቅራቢያው ሆስፒታል ያገኘዋል። ሁሉም ከሕክምናው አልጋ ሲነሡ አንድ ናቸው፤ የሚለያዩት ወደ ቤት ሲመለሱ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት በጀርባ ተኝቶ፣ እግርን ሳያጥፉ የሚያልፉ ናቸው፤ ብሽሽት ላይ ያለው ቀዳዳ እስኪዘጋ ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት። በማግሥቱ ወይም በዚያው ቀን ብዙዎች ይወጣሉ። ከዚያ መንገዱ ይመጣል። ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከደሴ በአቀስታ በኩል መካነ ሰላም ደግሞ ሌላ 180 ኪሎ ሜትር ያህል። በብሪታንያ አንድ ሰው ከአብሌሽን በኋላ መኪና እንዲነዳ የሚፈቀድለት ቢያንስ ከሁለት ቀን በኋላ ነው። የእኛ ሰው ባይነዳም፣ በአውቶቡስ ወንበር ጉልበቱን አጥፎ ከአሥር ሰዓት በላይ መቀመጡ ለተወጋ ሥር ቀላል አይደለም። እኔ የምመክረው አዲስ አበባ ዘመድ ቤት ጥቂት ቀን ቆይቶ፣ ቁስሉን አሳይቶ፣ ጉዞውን ደሴ ላይ ለሁለት ከፍሎ መሄድ ነው። በየሁለት ሰዓቱ ሹፌሩን አስቁሞ ወርዶ መራመድ ያስፈልጋል። ሹፌሮቻችን ሕመምተኛ እንዳለ ከነገሯቸው አይጨክኑም።

ቤት ሲደርስ ወረቀቱ ያላሰባቸው ነገሮች ይጠብቁታል። አንደኛው ሽንት ቤት ነው። ቁጢጥ ብሎ ማማጥ ብሽሽትን የሚያጥፍና የሚወጥር ነገር ነው፤ ለአንድ ሳምንት መቀመጫው የተቀደደ ወንበር ወይም በርጩማ ቢሰናዳ ከብዙ ጣጣ ያድናል። ሁለተኛው ስግደት ነው። ሐኪሞች ስለዚህ አይናገሩም፤ አማኙም አይጠይቅም። በሑዳዴ፣ ይልቁንም በሰሞነ ሕማማት፣ መቶ ጊዜ የሚሰግድ ሰው መቶ ጊዜ ብሽሽቱን ያጥፋል። ሙስሊሙም በቀን አምስት ጊዜ ይሰግዳል። መፍትሔው አስቸጋሪ አይደለም፦ ለሕመምተኛ ተቀምጦ መስገድ በእስልምና የተፈቀደ ነው፤ የንስሐ አባትም ለታመመ ልጃቸው ስግደቱን ያቀሉለታል። ግን ሰውየው ቀድሞ ሊነግራቸው ይገባል። ሦስተኛው እርሻ ነው። ሞፈር መሸከም፣ ዕርፉን መጫን፣ በሬ መጎተት ቁስሉ ሳይድን አይታሰብም፤ ሁለት ሳምንት ያህል ወንድም ወይም ጎረቤት ይረስለት። በቅሎ ላይ መውጣትም እንዲሁ ነው።

ብሽሽቱ ላይ የሚወጣው ጥቁርና ሰማያዊ ሰንበር እየወረደ እስከ ጭን ሊደርስ፣ ቆይቶም ወደ ቢጫነት ሊለወጥ ይችላል። ይህ አያስፈራም። የሚያስፈራው እያደገ የሚሄድ፣ ሲነኩት የሚመታ ወይም የሚያም እብጠት ነው። ደም ከፈሰሰ ሰውየውን አጋድሞ ቦታውን በእጅ አጥብቆ ለ10 ደቂቃና ከዚያ በላይ መያዝ፣ ካላቆመም እንደ ተያዘ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትንፋሽ ሲስቡ ደረት መውጋቱም የተለመደ ነው፤ ከማዞርና ራስን ከመሳት ጋር ከመጣ ግን በልብ ዙሪያ ደም ተከማችቶ ሊሆን ስለሚችል ጊዜ አይሰጥም።

አሁን ከሁሉ ይልቅ ወደ ፈራሁት ነገር ልምጣ። ልብ ከሚቃጠልበት ቦታ በስተጀርባ የምግብ ቧንቧ አለ። በጣም አልፎ አልፎ ሙቀቱ ያንን ቧንቧ ይጎዳውና ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ በቧንቧውና በልቡ መካከል ቀዳዳ ይከፈታል። በ2023 እ.ኤ.አ. የታተመና 553,729 ሕክምናዎችን የሸፈነ ዓለም አቀፍ መዝገብ 138 እንዲህ ያሉ ሰዎችን አግኝቷል፤ ከ10,000 ሰዎች ሁለት ወይም ሦስት ማለት ነው። ግን ከተያዙት ውስጥ ከ100ው 66 ያህሉ ሞተዋል። ምልክቱ የታየበት ቀን አማካዩ 18ኛው ነበር፤ የዘገየው እስከ 60ኛው ቀን ቆይቷል።

በ18ኛው ቀን ሰውየው የት ነው? ቤቱ። ምልክቱስ ምንድን ነው? ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ሲውጡ ማመም፣ አንዳንዴ የአንድ ጎን መዛል ወይም መንዘፍዘፍ። በገጠር ትኩሳት ይዞ ክሊኒክ የመጣ ሰው ምን እንደሚባል እናውቃለን፦ ታይፎይድ፣ ታይፈስ፣ ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ ከነበረም ወባ። መድኃኒት ተሰጥቶት ይመለሳል። ከሦስት ሳምንት በፊት አዲስ አበባ ወይም ዴልሂ ልቡ እንደ ተቃጠለ የሚነግር ከሌለ፣ ባለሙያው ያንን የሚያስብበት ምክንያት የለውም። ሆዴን ወይም ጉሮሮዬን አመመኝ ካለ ደግሞ ኢንዶስኮፒ ለሚባለው ምርመራ ካሜራ እንዲውጥ ሊላክ ይችላል፤ በዚህ ሕመም ያ ምርመራ አየር ወደ ልብ አስገብቶ ሊገድል ይችላል። የሚያስፈልገው የደረት ሲቲ ስካንና የቀዶ ሕክምና ቡድን ነው። ስለዚህ ሕመምተኛው የያዘው ወረቀት ላይ፣ በአማርኛም በእንግሊዝኛም፣ ይህ አንድ መስመር በትልቁ መጻፍ አለበት፦ «ሕክምናው የተደረገበት ቀን ይህ ነው፤ እስከ ሁለት ወር ትኩሳት ቢይዘው፣ መዋጥ ቢያመው ወይም አካሉ ቢዝል ኢንዶስኮፒ አታድርጉ፣ ደውሉልን»። አንድ መስመር ናት። የሰው ሕይወት ልትይዝ ትችላለች።

ከዚህ ቀጥሎ ብዙውን ሰው ተስፋ የሚያስቆርጠው የምቱ መመለስ ነው። ያ ሁሉ ገንዘብ ወጥቶ፣ ዘመድ አዋጥቶ፣ በሁለተኛው ሳምንት ልቡ እንደገና ይንደቀደቃል። «አልሠራም» ይላል፣ መድኃኒቱንም ይጥላል። ሐኪሞች ግን የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ውጤት የማይለካባቸው አድርገው ሲቆጥሩ ኖረዋል፤ በ2024 የወጣው ዓለም አቀፍ ስምምነት ወደ ስምንት ሳምንት አሳጥሮታል። ቃጠሎው ገና እብጠት አለበት፣ ጠባሳው አልጸናም፤ በዚህ ጊዜ የሚመጣ ዝብርቅርቅ ምት የሕክምናው መክሸፍ ማስረጃ አይደለም። ልብ ከቀድሞው በደቂቃ ጥቂት ፈጠን ብሎ መምታቱም የተለመደ ነው።

ኢ.ሲ.ጂ. በየጊዜው ማስነሣት በማይቻልበት ቦታ የእጅ አንጓ ላይ ያለው ትርታ ጥሩ መሣሪያ ነው። ጠዋት ከአልጋ ሳይነሡ፣ በስልክ ሰዓት አንድ ሙሉ ደቂቃ መቁጠርና ምቱ እኩል ነው ወይስ የተዘበራረቀ ብሎ በደብተር መጻፍ። ሰባተኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ለአያቱ ሊሠራው ይችላል። ያ ደብተር ለሐኪሙ ከብዙ ትዝታ ይበልጣል።

አሁን ወደ ደም ማቅጠኛው። ከተቃጠለ በኋላ የልብ የውስጥ ገጽ ቁስል ነው፤ ደም ሊረጋበት ይችላል፤ የረጋው ወደ አንጎል ከሄደ ስትሮክ ነው። ስለዚህ ምቱ ቢስተካከልም ባይስተካከልም ቢያንስ ለሁለት ወይም ለሦስት ወር መድኃኒቱ አይቋረጥም። ከዚያ በኋላ መቀጠል አለመቀጠሉ የሚወሰነው ሰውየው ለስትሮክ ባለው ተጋላጭነት ነው። በ2025 በደቡብ ኮሪያ 840 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት፣ ምታቸው ከአንድ ዓመት በላይ ያልተመለሰባቸው ሰዎች መድኃኒቱን ቢያቆሙ እንደሚሻል አሳይቷል። ግን የልብ በራቸው የጠበበ ሰዎች በዚያ ጥናት ውስጥ የሉም፤ በአገራችን የሩማቲክ ታማሚ ይህን ሰምቶ ማቆም የለበትም። ደም ሳያስመረምሩ የሚወሰዱት አዲሶቹ ኪኒኖችም ለእነዚህ ሰዎች አልሆኑም፦ በ2022 ከ4,500 በላይ የሩማቲክ ታማሚዎች የታዩበት ጥናት ያረጀው ዋርፋሪን ከአዲሶቹ አንዱ ከሆነው ከሪቫሮክሳባን ይልቅ ብዙ ሰው በሕይወት እንዳቆየ አረጋግጧል።

ዋርፋሪን በሰው ኑሮ ውስጥ የሚገባ መድኃኒት ነው። መጠኑ አይ ኤን አር በሚባል የደም ምርመራ ይለካል፤ በአብዛኛው ከ2 እስከ 3 መካከል መሆን አለበት። ጎመን ኃይሉን ይቀንሰዋል። ይህ ማለት ጎመን አትብሉ ማለት አይደለም፤ በፋሲካ ትቶ በሑዳዴ 55 ቀን በየቀኑ መብላት ግን ልኬቱን ያናውጠዋል። ለጾመኛው የምለው፦ ጾም ሲገባና ሲፈታ አይ ኤን አር አስለካ። ሮመዳን ለሚጾመው የቀኑ አንድ ኪኒን ከአፍጥር ጋር ይስማማል። ጸበል የሚገባም ሰው ኪኒኑን ይዞ ይግባ፤ እምነቱ መድኃኒት ጣል አይልም፤ ያቋረጡ ሰዎች ስትሮክ ሲመታቸው ግን ታይቷል። ዋግምት ለጊዜው ይቅር። ለጉንፋን ወይም ለወገብ ሕመም የሚወጉት ዲክሎፌናክም፣ ከመድኃኒት ቤት ዝም ብለው የሚገዙት አይቡፕሮፌንና አስፕሪንም ደም ያስፈስሳሉ። ሜትሮኒዳዞልና ኮትሪሞክሳዞል የዋርፋሪንን ኃይል ከፍ ያደርጋሉ። ለማርገዝ የምታስብ ሴት ዋርፋሪን ጽንስን ሊጎዳ ስለሚችል ከሐኪሟ ጋር ቀድማ ትነጋገር።

ከሕክምናው በኋላ ምቱን ለማረጋጋት ብዙ ጊዜ አሚዮዳሮን ይሰጣል። እሱ የዋርፋሪንን ኃይል በጣም ያሳድጋል፤ ካቆሙትም በኋላ ለሳምንታትና ለወራት በሰውነት ይቆያል። ከዚህ ሌላ ከክብደቱ ሲሶ በላይ አዮዲን ነው። አዮዲን ባጠረው ደጋ፣ እንቅርት ላለበት ሰው ይህ የታይሮይድ ሆርሞን እንዲፈነዳ ምክንያት ሊሆን ይችላል። በፈረንጅ አገር መመሪያ ላይ በትንሽ ፊደል የተጻፈች ማስጠንቀቂያ እኛ ዘንድ የመጀመሪያው መስመር መሆን ነበረባት።

መድኃኒቱ ቤት ውስጥ መኖሩም የራሱ ጉዳይ ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት የደሴ ሆስፒታል ተዘርፎ አገልግሎቱ ሲቋረጥ፣ በዙሪያው ያሉ ዋርፋሪን የሚወስዱ ሰዎች የሚለኩበትን ቦታ አጡ። ከዚያ ወዲህም መንገድ የሚዘጋበት ጊዜ መጥቷል። ለዚህ የማውቀው መልስ ሐኪሙ የሁለት ወር መድኃኒት አስቀድሞ እንዲያዝ መጠየቅና በስልክ የሚያገኙትን ቁጥር መያዝ ነው።

ስለ ቡና ብዙ ይጠየቃል፤ በወሎ ደግሞ ቡና መከልከል ሰውን ከጎረቤቱ መለየት ነው። በ2025 የታተመ 200 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት ምታቸው በኤሌክትሪክ ንዝረት የተስተካከለላቸውን ለሁለት ከፍሎ አየ፦ ቡና ከጠጡት በ6 ወር ውስጥ ምቱ የተመለሰባቸው ከ100ው 47 ሲሆኑ፣ ከተዉት ደግሞ 64 ናቸው። ጥናቱ አብሌሽን ላይ የተደረገ ባይሆንም፣ በቀን አንድ ሁለት ስኒ ለመጠጣት በቂ ምክንያት ይመስለኛል። አረቄ ግን የተዘበራረቀውን ምት ሊመልስ ይችላል። ታሞ የተመለሰን ሰው ለማጽናናት የሚቀዳው መጠጥ ለእርሱ አይሆንም።

ይህ ሁሉ ድካም ዕድሜ ይጨምራል ወይ? 2,204 ሰዎች የተሳተፉበትና በ2019 የታተመው ትልቁ ጥናት በአብሌሽንና በመድኃኒት መካከል በሞት ረገድ ጉልህ ልዩነት አላገኘም፤ የኑሮ ምቾት ግን በአብሌሽን ተሻሽሏል። ስለዚህ ቤት ሸጦ፣ በሬ ሸጦ ለመሄድ የሚያስገድድ ነገር አይደለም። ምቱ ኑሮውን ላቃወሰበት፣ መድኃኒት ላልሠራለት፣ የልብ በሩና ታይሮይዱ ለታየለት ሰው ግን ተገቢ ሕክምና ነው። ሄዶ ከመጣ በኋላ መከታተያ ለሌለው ሰው አደጋው ከጥቅሙ ሊበልጥ ይችላል።

እናንተ ወደ አዲስ አበባም ሆነ ወደ ውጭ አገር የምትሄዱ ወገኖች፣ የአውሮፕላን ወይም የአውቶቡስ ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። አይ ኤን አር በመካነ ሰላም፣ በአቀስታ ወይም በደሴ የት፣ በየስንት ቀኑ ትለካላችሁ? ትኩሳት ቢይዛችሁ በሌሊት የሚያነሣው ስልክ የማን ነው? ወረቀቱን በአማርኛ የሚጽፍላችሁ ማን ነው? መልስ ሳታገኙ ለሕክምናው አትተኙ።